ኖ ሪንስን አቅጥኖ መኪና ማጠብ፦ ስንት ውሃ፣ ስንት ሚሊ፣ ከየት ተጀምሮ የት ይጨረሳል

«ስንት ልጨምርበት?» ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ደብረ ብርሃን ላይ ኖ ሪንስ የገዛ ሰው ወይ ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፣ ወይ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ተከትሎ የሚመጣውም ያው ነው፤ «ሳላለቀልቀው ብተወው ቀለሙን አይበላውም?» አረፋ ስላላየ «ተሸወድኩ መሰለኝ» የሚልም አለ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ አስቀምጫለሁ። አንድ ጊዜ አንብቡት፣ ከዚያ ደረጃዎቹን እያያችሁ እጠቡ።

ኖ ሪንስ በብዙ ውሃ የሚቀጥን፣ ከታጠበ በኋላ በውሃ ማለቅለቅ የማይፈልግ የመኪና ማጠቢያ ነው። ውስጡ ያለው ነገር የአቧራውን ቅንጣት ይከበዋል። በፎጣውና በቀለሙ መካከልም የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን ይሠራል። ስለዚህ ቅንጣቱ ቀለሙን ሳይፍቅ ወደ ፎጣው ይገባል። መኪናዋ ላይ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው፣ እሱም በማድረቂያ ፎጣ ይነሳል። አረፋ አይሠራም፣ እንዲሠራም አይጠበቅበትም። ቀለም አይበላም። ቀለም የሚጎዳው ፈሳሹ ሳይሆን ያልራሰ አቧራን በፎጣ ማሸት ነው። ከዚህ በታች ያለው ደረጃ ሁሉ ያንን ለመከላከል ነው።

መጀመሪያ መኪናዋን እዩዋት

ኖ ሪንስ ለሁሉም ዓይነት ቆሻሻ አይሆንም። ባልዲውን ከማንሳታችሁ በፊት መኪናዋን ዙሩና ምን እንደተሸከመች እዩ።

አስፋልት ላይ የዋለች፣ ስስ አቧራ የለበሰች መኪና ከሆነች ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በደረቅ ቀን የመጣች መኪና አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናት።

ከመንዝ በጠጠር መንገድ የመጣች፣ በጣታችሁ ስም ሊጻፍባት የሚችል ወፍራም አቧራ ያላት ከሆነች ይቻላል። ግን ደረጃ 4ን ሁለት ጊዜ ሥሩት።

ጭቃ የተጋገረባት ከሆነች ተዉት። በተለይ ከእነዋሪና ከሞረትና ጅሩ በኩል በክረምት የሚመጣው ጥቁር መረሬ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይለጠፋል። ይህን በፎጣ ማንሳት ማለት ቀለሙን መፋቅ ነው። መጀመሪያ ላቫጆ ወስዳችሁ በውሃ ግፊት አስነሱት። ካልሆነ ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ጀሪካን ውሃ ከላይ እያፈሰሳችሁ ጭቃው እስኪረግፍ ጠብቁ። ኖ ሪንሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲሚንቶ ያረፈባት መኪና ደግሞ ለብቻዋ ናት። በለሚ በኩል ሲሚንቶ ከጫኑ መኪናዎች ኋላ የምትነዱ ልብ በሉ። የሲሚንቶ ብናኝ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ መያዝ ይጀምራል፣ ቀለምም ይጎዳል። ኖ ሪንስ ረጭታችሁ አትጠብቁት። በደረቁም አትጥረጉት። በብዙ ውሃ ቶሎ አስወግዱት፣ ከዚያ በኋላ እጠቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኖ ሪንስ፣ ማኅተሙ ያልተከፈተና ጽሑፉ የሚነበብ
- ንጹሕ ውሃ፣ ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ከ8 እስከ 10 ሊትር፣ ለሃይሉክስ ወይም ለዶልፊን 15 ሊትር ገደማ
- አንድ ንጹሕ ባልዲ፣ የበፊት ሥራው ኖራ ማቡኪያ ወይም ቤንዚን መያዣ ያልነበረ
- 1 ወይም 2 ሊትር የሚይዝ በእጅ የሚረጭ መርጫ
- ከ8 እስከ 10 የሚደርሱ የማይክሮፋይበር ፎጣዎች፣ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ
- ለማድረቂያ ሁለት ትላልቅ፣ ጸጉራማ የማይክሮፋይበር ፎጣዎች
- ለጎማና ለቸርኬ ብቻ የሚውሉ ሁለት አሮጌ ፎጣዎችና አንድ ብሩሽ
- መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሲሪንጅ፣ ከማንኛውም ፋርማሲ
- የላስቲክ ጓንት፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ

ስለ መርጫው አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር መርጫ ሲባል ብዙ ሰው ቤቱ ያለውን የእርሻ መርጫ ነው የሚያነሳው። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የተረጨበትን በምንም መንገድ አትጠቀሙ። ቢታጠብም በቱቦውና በአፍንጫው ውስጥ መድኃኒት ይቀራል። እጃችሁ ላይ ይመጣል፣ ልጆች በሚነኩት በር ላይም ይቀራል። ትንሽዋን መርጫ ለብቻዋ ግዙ።

ሲሪንጁን ደግሞ አትናቁት። ከዝርዝሩ ውስጥ ርካሹ እሱ ነው፣ ሥራውን የሚወስነውም እሱ ነው።

ልኩ

ጠርሙሱ ላይ 1 ለ 256 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው ኦፕቲመም ኖ ሪንስ ለማጠቢያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ትርጉሙ አንድ እጅ ፈሳሽ ለ256 እጅ ውሃ ነው። 1 ሊትር 1,000 ሚሊ ነው። 1,000ን ለ256 ስታካፍሉት 3.9 ይመጣል። ስለዚህ ለአንድ ሊትር ውሃ 4 ሚሊ። አለቀ።

ለ5 ሊትር 20 ሚሊ። ለ10 ሊትር 40 ሚሊ፣ ማለትም አራት ሲሪንጅ ሙሉ። 20 ሊትር ለሚይዝ ጀሪካን 80 ሚሊ። ለ1 ሊትር መርጫ 4 ሚሊ ብቻ። ይህ የመጨረሻው ነው ሰውን የማያሳምነው። «4 ሚሊ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። በትክክል ይሠራል። የተሠራውም ለዚያ ነው።

የእናንተ ጠርሙስ ሌላ ቁጥር ካለው የራሱን ተከተሉ። 1 ለ 128 ከሆነ ለአንድ ሊትር 8 ሚሊ ነው። 1 ለ 100 ከሆነ 10 ሚሊ። ስሌቱ ሁሌም አንድ ነው፤ 1,000ን ለቁጥሩ አካፍሉ፣ የሚመጣው ለአንድ ሊትር የሚሆነው ሚሊ ነው።

ያው ፈሳሽ ወፈር ሲል ሌላ ሥራም አለው። 1 ለ 64፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 16 ሚሊ ገደማ፣ የማጽጃ ሸክላ፣ ማለትም ቀለም ላይ የተጣበቀ ቅንጣት የሚያነሳ ሊጥ መሰል ነገር፣ ቀለሙ ላይ ስታንሸራትቱ እንዲያለሰልስ ያገለግላል። ለደረቀ ነፍሳትና ለወፍ ኩስ ማለስለሻም እጠቀምበታለሁ። መኪና ሙሉ በዚህ ልክ አይታጠብም።

ለምን ልኩ ላይ ይህን ያህል እጨነቃለሁ? ሁለቱም ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። ከልክ በላይ ከሆነ የሚቀረው ሽፋን በፎጣ አይነሳም። መስታወቱ ላይ ደመና ይሆናል፣ ኮፈኑ ላይ መስመር መስመር ይሠራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከልክ በታች ከሆነ ደግሞ የሚያንሸራትተው ነገር ያንሳል፣ አቧራው ቀለሙን ይፍቃል። የመጀመሪያ መኪናዬን በኖ ሪንስ ሳጥብ በግምት ቀዳሁ። በባልዲው ውስጥ ስንት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ጣራው ከነጭ መስመር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም። ሲሪንጅ የገዛሁት ያን ቀን ነው።

በክዳን የምትለኩ ካላችሁ ክዳኑ ስንት እንደሚይዝ አንድ ጊዜ በሲሪንጅ ሙሉትና እወቁ። ጠርሙስ በተለየ ቁጥር ክዳኑም ይለያል።

ሰዓቱን ምረጡ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማለዳው ይበርዳል፣ ፀሐይዋ ግን ትለበልባለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጠዋት መኪና ላይ ውርጭ ይጋገራል። ውርጭ ባለበት አትጀምሩ። የበረዶው ቅንጣት ራሱ ይፍቃል፣ የምትረጩትም ይቀዘቅዛል። እስከ ጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ቆዩ። ከዚያ በኋላ ግን ጥላ ፈልጉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ የታጠበው እርጥብ መኪና ላይ አቧራ ይደፋል።

ሸዋ ሮቢት ላሉ ተቃራኒው ነው። እዚያ ሙቀቱ ፈሳሹን በደቂቃ ያደርቀዋል። ወይ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወይ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ እጠቡ።

የትም ሁኑ መፈተኛው አንድ ነው። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ከፈጃችሁ አልደረሰም። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁ።

ደረጃዎቹ

1. ውሃውን ቅዱ፣ ቀጥሎ ፈሳሹን ጨምሩ። 10 ሊትር ውሃ ባልዲው ውስጥ፣ 40 ሚሊ ኖ ሪንስ በሲሪንጅ። እጃችሁን አስገብታችሁ ከታች ወደ ላይ በደንብ አማስሉት። ካልተማሰለ ወፍራሙ ፈሳሽ ታች ይቀራል። የመጀመሪያው ፎጣ ውሃ ብቻ ይዞ ይወጣል፣ የመጨረሻው ደግሞ ከልክ በላይ ይጠጣል። ውሃው በብርድ እጅ የሚያደነዝዝ ከሆነ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ደባልቁበት። ለብ ያለ ብቻ፣ የፈላ አይደለም።

2. መርጫውን ከዚያው ባልዲ ሙሉ። ሌላ ልክ አያስፈልግም። ከንጹሑ ባልዲ አሁኑኑ ቅዱ፣ ሥራ ከተጀመረ በኋላ አይደለም።

3. ፎጣዎቹን ሁሉ ባልዲው ውስጥ ንከሩ። 8 ከሆኑ 8ቱንም። ይህ የዘዴው ልብ ስለሆነ ቆም ብዬ ላስረዳ። እንደ ድሮው በአንድ ስፖንጅ ብታጥቡ ስፖንጁ ከመኪናዋ የወሰደውን አሸዋ ባልዲው ውስጥ ያራግፋል። መልሶም ያንኑ አሸዋ ይዞ ይወጣል። ብዙ ፎጣ ካላችሁ ግን አንዱ ሲቆሽሽ ወደ ጎን ትጥሉታላችሁ፣ ወደ ባልዲው አይመለስም። የባልዲው ውሃ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነው። ብዙ የላቫጆ መኪናዎች ላይ በፀሐይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ጭረት የሚመጣው ከአንድ ስፖንጅ ነው። የኔም መኪና ከዚህ አላመለጠችም። አንድ ቦታ ቸርኬ ባጠቡበት ስፖንጅ በሩን ሲያሹት ቆሜ አይቻለሁ፣ ጭረቱ እስካሁን አለ።

4. ከላይ ጀምራችሁ ርጩ። መጀመሪያ ጣራው። ከዚያ መስታወቶቹ፣ ኮፈኑ፣ የኋላ ኪሱ፣ በሮቹ፣ በመጨረሻ ከበሩ ግማሽ በታችና ፓራውልቶቹ። መላ መኪናዋን በአንዴ አትርጩ። አንድ ክፍል፣ ቢበዛ ሁለት። ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ይህ ጊዜ አቧራው እንዲርስና ከቀለሙ እንዲላቀቅ ነው። ነገር ግን መድረቅ የለበትም። የደጋ ነፋስ ቶሎ ያደርቃል፤ ጠርዙ መድረቅ ከጀመረ ደግማችሁ ርጩ። አቧራው ወፍራም ከሆነ ከረጫችሁ በኋላ ወደ ታች ሲወርድ ታዩታላችሁ። ይውረድ። እንደገና ርጩ፣ እንደገና ጠብቁ።

በውቂያ ሰሞን ደግሞ የእብቅና የገለባ ብናኝ በየስንጥቁ ይገባል። የኮፈኑ ጠርዝ፣ የመጥረጊያው ሥር፣ የስፖኪዮው መታጠፊያ። እነዚህን ቦታዎች አብዝታችሁ ርጩና በውሃው ኃይል አስወጡት። በጣት ወይም በጨርቅ አትጎርጉሩ።

5. ፎጣውን አውጡ፣ በቀስታ ጨመቅ አድርጉት። እንደ ልብስ አትጠምዝዙት። ውሃ ሊንጠባጠብለት ይገባል፤ የሚያንሸራትተው ያ ውሃ ነው። ለሁለት እጠፉት፣ እንደገና ለሁለት። አሁን 8 ንጹሕ ገጽ አላችሁ።

6. ቀጥ ባለ መስመር፣ ሳትጫኑ ጥረጉ። የእጃችሁ ክብደት ይበቃል። ክብ ክብ እያደረጋችሁ አታሹ። ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ እስከ ሌላው ጠርዝ ሂዱና ፎጣውን አንሱ። ገጹን እዩት። ቡኒ ከሆነ ወደ ንጹሑ ገልብጡ። ለአንድ በር ሁለት ሦስት ገጽ ማለቁ ተገቢ ነው። 8ቱም ገጽ ሲያልቅ ፎጣውን ለብቻው ወዳዘጋጃችሁት ማስቀመጫ ጣሉና አዲስ አውጡ። «ትንሽ ንጹሕ ቦታ ቀርቶታል» አትበሉ። ጭረት የሚመጣው በዚያች ትንሽ ቦታ ነው።

ያልለቀቀ ነገር ካጋጠማችሁ አትፈግፍጉት። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የመጣ መኪና ፊቱ ላይ ነፍሳት ይለጠፋሉ። በ1 ለ 64 ልክ የራሰ ፎጣ እላዩ ላይ አልብሱትና ሌላውን ክፍል ሥሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስትመለሱ በቀላሉ ይነሳል። ፎጣው እንዳይደርቅ ግን አንድ ጊዜ ርጩበት። የወፍ ኩስም እንደዚሁ። የአስፋልት ሬንጅ በኖ ሪንስ አይለቅም፣ የራሱ ማስለቀቂያ አለው፣ ስለዚህ በማሸት አትድከሙ።

7. ወዲያው አድርቁ። የጠረጋችሁትን ክፍል ሳታደርቁ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ። ትልቁን ደረቅ ፎጣ ዘርግታችሁ አልብሱትና በቀስታ ጎትቱት። በራሱ ከደረቀ የውሃው ጨው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ነጥቡ ይብሳል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ቀለሙ ላይ ይነክሳል። ካደረቃችሁ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ በብርሃን እዩት። ስስ መስመር ከታየ በሁለተኛው ደረቅ ፎጣ አንድ ጊዜ አለፍ አድርጉበት። መስመሩ በየክፍሉ ከደጋገመ ልኩ በዝቷል፤ ባልዲው ላይ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ጨምሩ።

8. መስታወት። ያው ውህድ ይበቃል። ግን ለመስታወት የተለየ ፎጣ ይዛችሁ በደረቅ ጨርሱ። የፊት መስታወት ላይ የቀረ ስስ ሽፋን ቀን አይታወቃችሁም። ማታ ከፊት መብራት ሲመጣ ያደበዝዛል፤ በጣርማ በር ጉምና ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

9. ጎማና ቸርኬ፣ ሁልጊዜ በመጨረሻ። በተረፈው ውህድ፣ በአሮጌዎቹ ፎጣዎችና በብሩሹ። ቸርኬ ላይ ያለው ጥቁር ዱቄት ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ ነው። እሱ የነካው ፎጣ ተመልሶ ቀለም አይነካም፣ ቢታጠብም። ፎጣዎቹን በአንድ ጥግ በመቀስ ቁረጡና ምልክት አድርጉባቸው።

ደብረ ሲና የምትኖሩ ወይም በዚያ የምታልፉ፣ ይህን ልብ በሉ። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ እንደቆማችሁ ፍሬኑ እጅግ ይግላል። በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ከረጫችሁበት የፍሬኑ ዲስክ ሊጣመም ይችላል። ከዚያ በኋላ ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንቀጠቀጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳርፏት። ቡና ጠጡ።

10. ፎጣዎቹን እጠቡ። በዚያው ቀን፣ ሳይደርቁ። ለብቻቸው፣ ከልብስ ጋር ሳይደባለቁ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና። የልብስ ማለስለሻና በረኪና አይገባም። ማለስለሻው ጸጉሩን ይሸፍነዋል፣ ውሃ መጠጣት ያቆማል። በረኪና ጸጉሩን ያደርቀዋል። ስታሰጡ አጥር ላይ ወይም ሣር ላይ አታድርጉ። እሾህና ገለባ ጸጉሩ ውስጥ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኮፈናችሁን ይጭራል። በረንዳ ላይ ወይም ቤት ውስጥ በገመድ ስቀሉ።

ማስጠንቀቂያዎች

መሬት የነካ ፎጣ ለዚያ ቀን ከሥራ ውጭ ነው። አራግፋችሁም፣ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁም አትመልሱት። ባልዲውን ካቆሸሻችሁ የቀሩትንም ፎጣዎች አበላሻችሁ።

በውርጭ የተሸፈነ የፊት መስታወት ላይ ሙቅ ውሃ አታፍስሱ። ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፈሳሹን ወደ ሃይላንድ አትገልብጡ። ብዙ ቤት ይህ ይደረጋል። ቀለም ያለው ፈሳሽ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ካለ ሕፃን ጭማቂ ነው ብሎ ይጠጣዋል። በራሱ ጠርሙስ ይቀመጥ፣ ከፍ ብሎ። ለጓደኛ ማካፈል ከፈለጋችሁ ላዩ ላይ ስሙንና ልኩን በጉልህ ጽፋችሁ፣ የመጠጥ ባልሆነ ዕቃ ስጡ።

የቆሸሸውን ውሃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ አጠገብ አትድፉ። የፍሬን ብናኝና የሞተር ዘይት ይዟል።

ቀለሟ ያረጀ፣ ስትነኩት እጅ ላይ ዱቄት የሚተው መኪና ስታጥቡ ፎጣው የመኪናዋን ቀለም ይይዛል። ፈሳሹ ቀለም በልቶ አይደለም። ቀለሙ አስቀድሞ ሞቷል። ለሰው መኪና የምታጥቡ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ለባለቤቱ አሳዩት፣ በኋላ ጭቅጭቅ እንዳይሆን።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ላርጎ ወይም ኦሞ መደባለቅ።* አረፋ ለማየት ነው የሚያደርጉት። የዕቃ ሳሙና መለቅለቅ አለበት፣ ካልተለቀለቀ ይደርቅና ይጣበቃል። ኖ ሪንሱም ሥራውን በትክክል አይሠራም። ሁለቱንም ታጣላችሁ።

*ሻምፖን እንደ ኖ ሪንስ መጠቀም።* ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ። ላዩ ላይ ማለቅለቅ እንደማያስፈልገው በግልጽ ካልተጻፈ ሻምፖ ነው ብላችሁ ያዙት። ትንሽ ጠብታ በብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ ስትበጠብጡት አረፋው ከሞላ ተጠራጠሩ። ሳይቀጥን በቀጥታ የሚረጭ፣ ዋተርለስ የሚባልም አለ። እሱ ተዘጋጅቶ የመጣ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም። ለስስ አቧራ ብቻ ነው።

*መርጨቱን መዝለል።* «ፎጣው ርሷል፣ ምን አስፈለገ?» የሚሉ አሉ። ፎጣው ርሷል፣ አቧራው ግን ደረቅ ነው። የመጀመሪያው ንክኪ ነው የሚጭረው። ውሃ ስላጠራችሁ አንድ ደረጃ መቀነስ ካለባችሁ መስታወቱን በኋላ አድርጉት እንጂ ደረጃ 4ን አትንኩ።

*አቧራውን በላባ ወይም በደረቅ ጨርቅ አራግፎ መጀመር።* ብዙ የታክሲና የባጃጅ ልጆች ጠዋት ጠዋት ይህን ያደርጋሉ። ጥሩ ልብ ነው፣ መኪናቸውን ስለሚወዱ ነው። ግን የጠጠር መንገድ አቧራ ውስጡ ድንጋይ ነው። በደረቁ ሲጠረግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። በ1 ለ 256 የተሞላ ትንሽ መርጫና ሁለት ፎጣ መኪና ውስጥ ያዙ። ጊዜው አንድ ነው፣ ጉዳቱ የለም።

*ካጠቡ በኋላ በእጅ ሲዳስሱት ይሻክራል ብሎ ደጋግሞ ማጠብ።* ያ አቧራ አይደለም። ቀለሙ ውስጥ የተቀበረ የብረትና የሬንጅ ቅንጣት ነው። በማጽጃ ሸክላ ይነሳል እንጂ በማጠብ ብዛት አይለቅም።

*የተረፈን ውህድ ማስቀመጥ።* ከባልዲ የተረፈው ይደፋ። መርጫ ውስጥ ያለው ንጹሕ ከሆነ እስከ ሳምንት ተጠቀሙበት። ሽታው ከተለወጠ ወይም ዝልግልግ ነገር ከታየበት ድፉት፣ መርጫውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ አዲስ 4 ሚሊ ቅዱ።

የጠርሙሱን ማስቀመጫ በተመለከተ ደግሞ፣ መኪና ውስጥ ወይም ደጅ ያለ መጋዘን ውስጥ አታሳድሩት። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ሌሊት ያቀዘቅዘዋል። በርዶ የቀለጠ ፈሳሽ አንዳንዴ ይለያያል፣ ከላይ ቀጭን ከታች ወፍራም ይሆናል። እንዲህ ከሆነባችሁ ቤት ውስጥ አስገቡት፣ ሲሞቅ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ፣ መልሱ። አንድ ወጥ ካልሆነ አትለኩበት፤ 4 ሚሊው 4 ሚሊ መሆኑን ማወቅ አትችሉም።